ገበሬው ሐኪም ሳሙኤል ቶምሰን እና የሕክምና ፈቃድ ሕግ

ከከተማ ርቆ በሚኖር ሕዝብ መካከል በሽተኛን ማን ያክም የሚለው ጥያቄ የቆየ ጥያቄ ነው። ሐኪም ቤት ሩቅ በሆነበት ቦታ ሕመምተኛው ወደ መድኃኒት አዋቂው፣ ስብራት የደረሰበት ወደ ወጌሻው፣ ነፍሰ ጡሯም ወደ ልምድ አዋላጇ መሄዷ የታወቀ ነው። መንግሥታት በበኩላቸው ዕውቀቱ ያልተፈተነ ሰው በሰው ሕይወት እንዳይጫወት የፈቃድ ሕግ ሲያወጡ ኖረዋል። እነዚህ ሕጎች ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አልነበሩም። አንዳንዶቹ በሽተኛውን ይጠብቁ ነበር፤ ሌሎቹ ደግሞ በሽተኛውን እንጠብቃለን እያሉ የባለሙያውን ገበያ ብቻ ሲጠብቁ ተገኝተዋል።

ይህ ልዩነት ጎልቶ ከታየባቸው ታሪኮች አንዱ በሰሜን አሜሪካ የኖረው የሳሙኤል ቶምሰን የሕይወት ታሪክ ነው። ቶምሰን የገበሬ ልጅ፣ ራሱም ገበሬ ነበር። የረባ ትምህርት ሳያገኝ በዕፅዋት ሕክምና ስሙ በመላ አገሪቱ ተጠራ። በነፍስ ግድያ ተከስሶ በብረት ታሰረ። ነፃ ከወጣም በኋላ እርሱና ተከታዮቹ ባደረጉት ትግል በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች የነበረው የሕክምና ፈቃድ ሕግ ተሻረ። ሕጉ ከተሻረ በኋላ የሆነው ነገርም ከትግሉ ያላነሰ ትምህርት የሚገኝበት ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱ

ሳሙኤል ቶምሰን ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1769 ኒው ሃምፕሺር በተባለው ግዛት ውስጥ አልስቴድ በምትባል የገጠር ቀበሌ ተወለደ። አገሩ ገና ጫካ ነበር። ወላጆቹ ጫካውን መንጥረው አዲስ እርሻ ያቀኑ ድሆች ስለነበሩ ልጃቸው ገና በአራትና በአምስት ዓመቱ ከብት በመጠበቅና በመላላክ ሥራ ጀመረ። ለትምህርት የተረፈው ጊዜ እጅግ ጥቂት ነበር።

በአካባቢው ሐኪም አልነበረም። ሰው ሲታመም የሚጠሩት ቤንተን የተባሉ ባልቴት ነበሩ። እኒህ ሴት ከቅጠል፣ ከሥርና ከልጥ መድኃኒት እያዘጋጁ ጎረቤቶቻቸውን ይረዱ ነበር። ትንሹ ቶምሰን ባልቴቷ ዕፅ ሲለቅሙ እየተከተለ የእያንዳንዱን ስም፣ ሽታና ጣዕም ያጠና ጀመር። ላሞች በሚጠብቅበት መስክም ያገኘውን ተክል ሁሉ እየቆረጠ ይቀምስ ነበር።

ከቀመሳቸው ዕፅዋት አንዱ በኋላ ዕድሉን የወሰነው ሎቤሊያ ነው። የዚህ ተክል ወገን ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም፤ በሰሜን ተራሮች ውርጭ ላይ ረጅም አገዳ አውጥቶ የሚታየው ጅብራ ከዚሁ ወገን ነው። ቶምሰን ያገኘው ግን ቁመቱ አጭር፣ የዘሩም ከረጢት እንደ ፊኛ የተነፋ ሌላ ዓይነት ነበር። ሲታኘክ ምራቅ ያዝረበርባል፤ ብዙ ከተወሰደም ክፉኛ ያስመልሳል። ልጁ ይህን ሲያውቅ ጓደኞቹን እያታለለ በማስቀመስና ሲያስመልሳቸው እያየ በመሳቅ ይጫወትበት ነበር። መድኃኒት ይሆናል የሚል ሐሳብ በዚያን ጊዜ አልነበረውም።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው ቤተሰቡ ወደ አንድ የዕፅዋት ሐኪም ዘንድ ልኮ ሊያስተምረው አስቦ ነበር። ነገር ግን ልጁ ማንበብና መጻፍ በሚገባ ባለመቻሉ፣ የእርሻውም ሥራ ያለ እርሱ ጉልበት የማይሆን በመሆኑ ሐሳቡ ቀረ። ይህ ቁጭት ከውስጡ አልወጣም።

በቤቱ የደረሰው ሕመም

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነው እንጨት ሲፈልጥ መጥረቢያ ቁርጭምጭሚቱን ክፉኛ ቆረጠው። የሐኪም ሕክምና ሳይሻለው ቆይቶ አቅሙ እየደከመ ሄደ። በመጨረሻ ቤተሰቡ በተቀጠቀጠ የኮምፍሬ ሥርና በዛፍ ሙጫ እያሸገ አዳነው። በ1790 እናቱ ኩፍኝ ታመው በሽታው ወደ ሳንባቸው ወረደ። የተጠሩት ሐኪሞች በጊዜው ደንብ አከሟቸው፤ እናቱ ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሞቱ። ቶምሰን የገደላቸው በሽታው ሳይሆን ሕክምናው ነው ብሎ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ያምን ነበር።

በዚያው ዓመት ሱዛን አለን የተባለች ወጣት አገባ። በማግሥቱ ዓመት ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን ስትወልድ በጠና ታመመች። የተጠሩት ሐኪሞች ደጋግመው ደም ቢያፈሱባትም ሊሻላት ቀርቶ ባሰባት። ቶምሰን ሐኪሞቹን አሰናብቶ ሁለት የዕፅዋት አዋቂዎችን አስመጣ፤ ሚስቱም ዳነች።

የቶምሰንን ጥላቻ ለመረዳት የዚያን ዘመን ሕክምና ምን እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። የበሽታ መንስኤ የሆኑ ረቂቅ ሕዋሳት ገና አልታወቁም። ሐኪሙ ትኩሳት ላለበት ሰው የደም ሥሩን በጥቶ ደም ያፈስ ነበር። ከባዜቃ የተሠራ ካሎሜል የተባለ ዱቄት ድድ እስኪያብጥና ጥርስ እስኪወልቅ ድረስ ይሰጥ ነበር። ቆዳን የሚያቆስል ቅባት መለጠፍና ኦፒየም ማጠጣትም የተለመደ ነበር። የአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን በዲሴምበር 1799 ጉሮሮውን ታሞ በሞተበት ጊዜ ሐኪሞቹ በአንድ ቀን ውስጥ ደጋግመው ብዙ ደም አፍስሰውበታል። ለርእሰ ብሔሩ የተደረገው ይህ ከሆነ በገጠር ያለው ሕመምተኛ ምን ይደርስበት እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

ከዚህ በኋላ ቶምሰን ቤተሰቡን ራሱ ያክም ጀመር። ሁለት ዓመት የሆናት ሴት ልጁ ጉሮሮ በሚያቆስል ትኩሳት ታማ ሐኪሙ ተስፋ በቆረጠ ጊዜ፣ ልጂቱን ታቅፎ ከብርድ ልብስ ሥር ተቀመጠ። የጋለ ድንጋይ አስቀርቦ ሆምጣጤና ውኃ እያፈሰሰበት በእንፋሎቱ አላባት። በአገራችን ወሽባ ከሚባለው የሚመሳሰል ነው። ልጂቱ ተረፈች። ሎቤሊያንም በጎልማሳነቱ ዘመን ሣር በሚያጭዱበት መስክ ለአንድ የሥራ ጓደኛው አቅምሶት ሰውዬው ክፉኛ አስመልሶት ከቆየ በኋላ ጤናው ተመልሶ በደንብ ሲበላ በማየቱ፣ ዕፁ ለመድኃኒትነት ይጠቅማል የሚል እምነት አድሮበት ነበር።

ከእርሻ ወደ ሕክምና

መጀመሪያ ጎረቤት ይጠራው ነበር፤ ቀጥሎ ከሩቅ ቀበሌ ይጠሩት ጀመር። እርሻው በመበደሉ ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ሆነበትና በ1805 ገደማ ሕክምናን ዋና ሥራው አደረገ። በፈረስ ከመንደር መንደር እየዞረ ያክም ነበር።

የቶምሰን ሐሳብ ቀላልና ለማንም ገበሬ የሚገባ ነበር። ሙቀት ሕይወት ነው፤ በሽታ ሁሉ ከብርድ ይመጣል ይል ነበር። ስለዚህ በሎቤሊያ ሆድን ማጽዳት፣ እንደ ሚጥሚጣ በሚያቃጥል ቀይ በርበሬ ሰውነትን ማሞቅ፣ በእንፋሎት ማላብና በመጨረሻም በመራራ ዕፅዋት የምግብ ፍላጎትን መመለስ የሕክምናው ደረጃዎች ነበሩ። ዋና ዋና መድኃኒቶቹን ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ሰጣቸው። ማንበብ የማይችል ሰውም ቁጥሩን ይዞ ሊያክም ይችላል ማለት ነው። የወሊድን ሥራም ከወንድ ሐኪሞች ይልቅ ልምድ ላላቸው ሴቶች መተው ይሻላል የሚል እምነት ነበረው።

በዛሬ ዕውቀት ሲመዘን በሽታ ሁሉ ከብርድ ይመጣል የሚለው ትምህርት ስሕተት ነው። ሕዝቡ ወደ እርሱ የጎረፈው ግን ያለ ምክንያት አልነበረም። ደም አያፈስም፤ ባዜቃ አያጠጣም። ቋንቋው የሕዝቡ ቋንቋ ነበር። ብዙ በሽታ ደግሞ ሰውነት ካልተጎዳ በጊዜው ራሱ ይድናል። በሽተኛው ከዳነ ምስጋናው ለመድኃኒቱ ይሆናል።

የሴለም ችሎት

በ1809 መጀመሪያ ላይ ቶምሰን በማሳቹሴትስ ግዛት ቤቨርሊ በተባለች ከተማ ኤዝራ ሎቬት የተባለ ወጣት ለማከም ተጠራ። ወጣቱ ብርድ መትቶት ተኝቶ ነበር። ቶምሰን እሳት አስነድዶ፣ በብርድ ልብስ ሸፍኖ፣ የሎቤሊያውን ዱቄት ደጋግሞ ሰጠው። ዱቄቱን የሚጠራበት የራሱ አስቂኝ ስም ነበረው። ከሌሎች ዕፅዋት የሚያፈላውን መጠጥ ደግሞ ቡና ይለው ነበር፤ በነገሩ ከቡና ጋር ግንኙነት አልነበረውም። በሽተኛው በየቀኑ እያስመለሰው ደከመ፤ ኋላም ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሕክምናው በተጀመረ በሳምንት ገደማ ሞተ። ቶምሰን ግን ወጣቱ ከተሻለው በኋላ ምክሩን አልፎ ብርድ ውስጥ ወጥቶ ነው ያገረሸበት ሲል ተከራክሯል።

ከቶምሰን ጋር የቆየ ጠብ የነበረው ፍሬንች የተባለ ሐኪም በነፍስ ግድያ ከሰሰው። ቶምሰን በዚያው ዓመት መገባደጃ ተይዞ በእግር ብረት ኒውበሪፖርት ወህኒ ቤት ገባ። እሳት በሌለበት ክፍል የክረምቱን ብርድ እየተቀበለ ሳምንታት ቆየ። ሙቀት ሕይወት ነው ብሎ ለሚያስተምር ሰው ይህ ከባድ ቅጣት እንደነበር ግልጽ ነው። ዲሴምበር 20 ቀን 1809 ሴለም ላይ በግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀረበ። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ቴዎፊለስ ፓርሰንስ ነበር።

ፍርዱ በሕግ ታሪክ የታወቀ ሆኗል። ችሎቱ ተከሳሹ ዕውቀት የሌለው መሆኑን አልካደም። ነገር ግን ወጣቱን ለመጉዳት አስቦ አላደረገውም፤ መድኃኒቱ እንደሚገድል ያውቅ እንደነበረም አልተረጋገጠም፤ ለማዳን በቅን ልቡና የሠራ ሰው ዕውቀቱ ጎደሎ ስለሆነ ብቻ በነፍስ ግድያ አይቀጣም አለ። በዚህ መሠረት ቶምሰን በነፃ ተለቀቀ። ፍርድ ቤቱ አያይዞ፣ ሕዝቡ እንደዚህ ባሉ ዘዋሪ አካሚዎች መታለሉ እንደሚያሳዝነውና ሕግ አውጪው ምክር ቤት መላ ካልፈለገለት በቀር በወንጀል ክስ ብቻ ሊገታ እንደማይችል ገለጸ።

ስለዚህ ከዚህ ችሎት ሁለት ወገኖች ሁለት ትምህርት ይዘው ወጡ። ቶምሰን ሐኪሞች ተቀናቃኛቸውን ለማጥፋት እስከ ስቅላት ድረስ እንደሚሄዱ አመነ። ሐኪሞች ደግሞ ጠንካራ የፈቃድ ሕግ እንዲወጣ መወትወታቸውን ቀጠሉ። የሎቬት ቤተሰብ ግን ልጁን ከመቅበር በቀር ከችሎቱ ያገኘው ነገር አልነበረም።

የፈቃድ ሕጎቹ ምን ዓይነት ነበሩ?

በሰሜን አሜሪካ የፈቃድ ሕግ የተጀመረው በየአካባቢው ነው። በ1760 ለኒው ዮርክ ከተማ የወጣው ሕግ ማንም ሰው ሳይፈተን እንዳያክም ከለከለ። ክልከላው ለከተማይቱ ብቻ ነበር። ከነፃነት በኋላ ክፍለ ግዛቶቹ የራሳቸውን ሕግ አወጡ። የኒው ዮርክ ግዛት በ1806 ባወጣው ሕግ በየአውራጃው የሐኪሞች ማኅበር እንዲቋቋምና ማኅበሩ አመልካቾችን እየፈተነ ፈቃድ እንዲሰጥ ሥልጣን ሰጠ። ፈታኙ በአውራጃው ውስጥ ከአመልካቹ ጋር ለገበያ የሚሻማው ሐኪም ነበር ማለት ነው።

በብዙ ቦታ የሕጉ ቅጣት ቀላል ነበር። ፈቃድ የሌለው ሰው ያክማል፤ ነገር ግን በሽተኛው ገንዘብ ቢከለክለው በፍርድ ቤት ከሶ ሊያስከፍለው አይችልም። ኒው ዮርክ መጀመሪያ ላይ በአገር በቀል ሥርና ቅጠል ብቻ የሚያክሙትን ከክልከላው ነፃ አድርጋ ነበር። በ1827 የወጣው ሕግ ግን ይህን አጥብቆ ያለ ፈቃድ ማከምን በገንዘብና በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው።

ሕጎቹ ሁለት ትልልቅ ጉድለቶች ነበሩባቸው። አንደኛው፣ ፈቃድ ያለው ሐኪም ከሌለው ይበልጥ እንደሚያድን የሚያረጋግጥ ነገር አለመኖሩ ነው። ከባለ ፈቃዶቹ ብዙዎቹ ኮሌጅ ያልገቡና በአንድ ሐኪም ሥር ለጥቂት ዓመታት ተለማምደው የወጡ ነበሩ። ፈተናውም የሚጠይቀው ደም እንዴት እንደሚፈስና ካሎሜል እንዴት እንደሚታዘዝ ነበር። ሁለተኛው፣ ፈቃድ ያለው ሐኪም በአቅራቢያው ለሌለ የገጠር ሕዝብ ሕጉ ሌላ አካሚ አለማዘጋጀቱ ነው። ያለውን ከለከለ እንጂ የጎደለውን አልተካም።

ትግሉና ድሉ

ቶምሰን ወህኒ ከወጣ በኋላ ሌላ መንገድ አሰበ። በ1813 ዋሽንግተን ሄዶ ለሕክምና ዘዴው የፈጠራ መብት ማረጋገጫ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ቤተሰብ 20 ዶላር ከፍሎ የቤተሰብ መብት ከገዛ መድኃኒቶቹን አዘጋጅቶ ራሱን ማከም ይችላል ተባለ። ገንዘቡ በዚያን ጊዜ አንድ የእርሻ ሠራተኛ በወር ከሚያገኘው ይበልጥ ነበር። ገዢዎቹ በየቀበሌያቸው የወዳጅነት ማኅበር እየመሠረቱ ስለ መድኃኒቱ ይመካከሩ ነበር። በ1822 ቦስተን ላይ የሕክምና መመሪያውንና የሕይወት ታሪኩን የያዘ መጽሐፍ አሳተመ። ወኪሎቹም በየግዛቱ ተሰማሩ። በ1839 ራሱ ቶምሰን ተከታዮቼ 3 ሚሊዮን ደርሰዋል ይል ነበር። ቁጥሩ የራሱ ግምት ቢሆንም እንቅስቃሴው እጅግ መስፋፋቱ አያጠራጥርም።

በ1832 የኮሌራ ወረርሽኝ ኒው ዮርክንና ሌሎች ከተሞችን በመታ ጊዜ ባለ ፈቃዶቹ ሐኪሞች ውኃው ከሰውነቱ ላለቀ በሽተኛ ጭምር ደም ያፈሱና ካሎሜል ይሰጡ ነበር። ይህን ያየ ብዙ ሰው ፊቱን ወደ ቶምሰን ተከታዮች አዞረ። ዛሬ እንደሚታወቀው ኮሌራ ለያዘው ሰው ዋናው መድኃኒት የወጣውን ውኃና ጨው መተካት ነው። ከዚህ አንጻር ደም ማፍሰሱም ሆነ ማስመለሱ ሁለቱም ጎጂዎች ነበሩ።

የቶምሰን ተከታዮች የፈቃድ ሕጉን ከፖለቲካ ጥያቄ ጋር አያያዙት። ገበሬው መሪውን መምረጥ ከቻለ ሐኪሙን መምረጥ ስለምን ይከለከላል የሚል ነበር ክርክራቸው። በማሳቹሴትስ ሕጉ በ1830ዎቹ ተሻረ። በኒው ዮርክ ትግሉን የመራው የቶምሰን ልጅ ጆን ነበር። ብዙ ሺህ ሰዎች የፈረሙበትን አቤቱታ አንዱን ወረቀት ከሌላው ጋር አያይዞ በባለ አንድ ጎማ የእጅ ጋሪ እየገፋ ኦልባኒ ወደሚገኘው ምክር ቤት ማስገባቱ በታሪክ ይታወሳል። በ1844 ኒው ዮርክም ቅጣቱን ሻረች። እስከ 1850 ድረስ በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች የፈቃድ ሕግ ወይ ጠፍቶ ወይ ስም ብቻ ሆኖ ነበር።

ቶምሰን የመጨረሻውን ድል አላየም። በ1843 ቦስተን ውስጥ በ74 ዓመቱ አረፈ። የመጨረሻ ዓመታቱ የጠብ ዘመን ነበሩ። ፈቃድን የተቃወመው ሰው የራሱን ፈቃድ ሸጧል፤ 20 ዶላር ሳይከፍሉ በዘዴው የሚጠቀሙትን ይከስ ነበር። ከወኪሎቹ ጋርም በገንዘብ ተጣላ። ከተከታዮቹ አንዱ የነበረው አልቫ ከርቲስ በኦሃዮ ትምህርት ቤት ከፍቶ የዕፅዋት ሐኪሞችን በሥርዓት ማስተማር በጀመረ ጊዜ ቶምሰን ትምህርት ቤት ሕዝቡን መልሶ ለሐኪሞች አገልጋይ ያደርገዋል ብሎ ተቃወመ። እንቅስቃሴውም ተከፋፈለ።

ሕጉ ከተሻረ በኋላ

ሕጉ መሻሩ ጥቅምም ጉዳትም አመጣ። ጥቅሙ፣ ሐኪሞች በሥልጣን ሳይሆን በሥራ ውጤት ለመወዳደር መገደዳቸው ነው። ደም ማፍሰስና ካሎሜል እየቀነሱ ከሄዱባቸው ምክንያቶች አንዱ ሕዝቡ ወደ ሌላ መሸሹ ነበር። ጉዳቱ ደግሞ በሩ ለቅን ልቡ ብቻ ሳይሆን ለአጭበርባሪውም መከፈቱ ነው። በቀለም ያማረ ውኃ በጠርሙስ የሚሸጥ፣ ዲፕሎማ በገንዘብ የሚያድል፣ ኦፒየም ለሕፃናት ማስተኛ የሚቸበችብ ነጋዴ በዛ። ከእነዚህ የሚጠብቀው ሕግ ያጣውም በሽተኛው ነበር።

በ1884 የማሳቹሴትስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሎቬት ጉዳይ ጋር የሚመሳሰል ክስ ቀረበለት። ፍራንክሊን ፒርስ የተባለና ሐኪም ነኝ የሚል ሰው አንዲት የታመመች ሴት በላምባ የተነከረ ጨርቅ እየጠቀለለ ለቀናት አቆይቶ ሞተች። ሰውዬው እንደ ቶምሰን በቅን ልቡና ነው ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ግን በዚህ ጊዜ ሌላ መንገድ ያዘ። ማንኛውም አስተዋይ ሰው አደጋውን ሊያይ በሚችልበት ነገር ላይ በግዴለሽነት የሠራ ሰው ሐሳቡ ቅን ስለሆነ ብቻ ከኃላፊነት አያመልጥም ብሎ ፈረደበት። ከሴለም ችሎት እስከዚህ ድረስ 75 ዓመት አልፎ ነበር።

በዚሁ ዘመን የፈቃድ ሕጎቹ ተመልሰው መጡ። በዌስት ቨርጂኒያ በ1880ዎቹ መጀመሪያ የወጣው ሕግ ለአንድ አካሚ ሦስት በሮች ተወለት፤ ከታወቀ ኮሌጅ መመረቅ፣ በግዛቲቱ ውስጥ 10 ዓመት አክሞ መገኘት፣ ወይም በመንግሥት የጤና ቦርድ ተፈትኖ ማለፍ። ፍራንክ ዴንት የተባለ የገጠር ሐኪም 6 ዓመት ብቻ ስለሠራና ዲፕሎማው የዕፅዋት ሐኪሞችን ፈለግ ከሚከተል የሲንሲናቲ ትምህርት ቤት በመሆኑ ቦርዱ አልተቀበለውም። ሥራውን ባለማቆሙም 50 ዶላር ተቀጣ። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ የበላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1889 ፍርድ ቤቱ ሕጉን አጸና። የሕክምና ሥራ ዕውቀት የሚጠይቅ በመሆኑ መንግሥት መፈተን እንደሚችል፣ ፈተናው ግን ከሥራው ጋር የተያያዘና በትምህርት ሊደረስበት የሚቻል መሆን እንዳለበት ወሰነ።

በዚህ ጊዜ ሕጉ ከቀድሞው የተለየ መሠረት ነበረው። ረቂቅ ሕዋሳት ታውቀዋል፤ ክትባት፣ ንጹሕ የቀዶ ሕክምናና ማደንዘዣ መጥተዋል። ፈተናው የሚፈትነው እውነተኛ ዕውቀት ሆኗል። ሁለተኛው የድሮ ጉድለት ግን አልጠፋም። ከ1910 በኋላ ደካማ የተባሉት የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የሐኪሙ ጥራት ከፍ አለ፤ ቁጥሩ ግን ቀነሰ። የተመረቀውም በከተማ መቀመጥን መረጠ። ድሃውና የገጠሩ ሕዝብ እንደገና ሐኪም ናፈቀ።

ከቶምሰን ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

ሳሙኤል ቶምሰን በአንድ ነገር ትክክል ነበር። ደም ማፍሰስና ባዜቃ ማጠጣት ጎጂ መሆናቸውን ባለ ዲፕሎማዎቹ ከማመናቸው በፊት ገበሬው በቤቱ ከደረሰው መከራ ተረድቶታል። የፈቃድ ወረቀት ብቻውን ዕውቀት እንደማይሆን አሳይቷል። በሌላው ነገር ግን ተሳስቷል። ሚስቱ ስለዳነች፣ ልጁም ስለተረፈች መድኃኒቱ ለሁሉም ሰውና ለሁሉም በሽታ ይሆናል ብሎ አመነ። የዳኑትን ቆጠረ፤ የሞተውን ግን በራሱ ጥፋት ሞተ አለ። ሎቤሊያ ሲበዛ እንደ ትምባሆ መርዝ ሰውነትን የሚያናውጥ ነው። ኮሶ መጠኑን ሲያልፍ ጠጪውን እንደሚጎዳ የሚያውቅ የገጠር ሰው ይህ አይከብደውም። የዕፅ መድኃኒት ከጓሮ ስለተቀነጠሰ ብቻ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም፤ መጠኑን የሚለካ፣ ያዳነውንና ያላዳነውን አስተካክሎ የሚመዘግብ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ የሕክምና ፈቃድን የሚመለከት ማንኛውም ደንብ ወደ አንድ ቀበሌ ሲመጣ በቶምሰን ዘመን ሳይጠየቁ የቀሩትን ጥያቄዎች መጠየቅ ይገባል። ፈታኙ ማን ነው? ዕውቀትን ይፈትናል ወይስ ተቀናቃኝን ያስወግዳል? ጉዳት የደረሰበት ቤተሰብ አቤቱታውን ወዴት ያቀርባል? ያለ ፈቃድ የሚሠራው ሰው ሲከለከል በቦታው የሚተካውስ ማን ነው? በገበያ ቀን መርፌና እንክብል ይዞ የሚዞረውን ሰው ማባረር ተገቢ ነው። በሽተኛው ወደ ጤና ጣቢያ የሚደርስበት መንገድ አብሮ ካልተዘጋጀ ግን ሰውዬው በሚቀጥለው ገበያ በሌላ በኩል ይገባል።

የልምድ አዋላጇንና መድኃኒት አዋቂውን በተመለከተም እንዲሁ ነው። ከጤና ባለሙያው ጋር ካልተገናኙ የሚያውቁት አብሯቸው ይቀበራል፤ ስሕተታቸውም የሚያርመው አያገኝም። ምጥ የጠናባትን ሴት ሳይመሽ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲልኩ፣ የሚሰጡትን ዕፅ ስምና መጠን እንዲናገሩ ማድረግ የሚቻለው አክብሮ በማቅረብ ነው። አልስቴድ ላይ ከባልቴቷ ኋላ እየተከተለ ቅጠል ይለቅም የነበረው ልጅ በአሥራ ስድስት ዓመቱ የሚያስተምረው ቢያገኝ ኖሮ፣ የሰውን ስቃይ ለማየት የነበረው ብሩህ ዓይን ከተፈተነ ዕውቀት ጋር ይጣመር ነበር። ቤቨርሊ ላይ ያለቀው የወጣቱ የሎቬት ሕይወትም ምናልባት ይተርፍ ነበር።